ልጅዎ የያዘው የሽጉጥ ፈቃድ እስከ የት ይሠራል?

በሆሳዕና፣ በሀቢቾ፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሽቾ ብዙ ቤተሰብ ስልክ የሚጠብቅበት የታወቀ ሰዓት አለው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ ማታ ሱቁን ዘግቶ ይደውላል። አሜሪካ ያለችው ደግሞ እዚያ ነግቶ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ እዚህ ቀትር ካለፈ በኋላ ትደውላለች። ወሬው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት ነው። አንዳንዴ ግን በመሃል ወላጅን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ጣል ይደረጋል፤ ልጅ ሽጉጥ መግዛቱን ይናገራል። ወዲያውም «ፈቃድ አለኝ፣ አታስቡ» ብሎ ያረጋጋል።

«ፈቃድ አለኝ» የሚለው ቃል እዚህ ላለ ወላጅ ነገሩን ሁሉ የሚዘጋ ይመስላል። መንግሥት ከፈቀደ ምን ቀረ? ይሁን እንጂ ሁለት ጥያቄዎች ገና አልተመለሱም። ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? የሚሠራውስ እስከ የት ድረስ ነው? በተለይ በአሜሪካ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አንድ ድልድይ ሲሻገሩ ሊቀየር ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ የአገሪቱ ምክር ቤት ዓመታት የፈጀ ክርክር ይዟል። ክርክሩ የሩቅ አገር ፖለቲካ ቢመስልም፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ግን የዕለት ተዕለት መንገዳቸውን የሚነካ ነው።

በእኛ አገር ሕጉ አንድ ነው

ነገሩን ለመረዳት ከራሳችን እንጀምር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አጽድቋል። አዋጁ ማን መሣሪያ መያዝ እንደሚችል፣ በስንት ዓመቱና ስንት መሣሪያ እንደሆነ ይወስናል። ግለሰቦች በመሣሪያ ንግድ እንዳይሰማሩ ይከለክላል፣ የጣሰውንም በእስራት ይቀጣል። የወጣበት ምክንያት በወቅቱ የተስፋፋው ሕገወጥ የመሣሪያ ዝውውርና በየአካባቢው የተነሳው ግጭት ነበር።

የሆሳዕና ነዋሪ ይህን በአንድ ቀላል ምሳሌ ሊያየው ይችላል። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሀዲያና ከምባታ በደቡብ ክልል ሥር ነበሩ። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች። ሰዎች ከቤታቸው ሳይነሱ የክልል ወሰናቸው ተቀየረ። የጦር መሣሪያ ሕጉ ግን አልተቀየረም፣ የፌዴራል ነውና። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችል ይሆናል። ሕጉ ግን ከሆሳዕና ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ሶዶ በተሻገሩ ቁጥር አይለወጥም።

ደቡብ አፍሪካ፦ አንድ ሕግ፣ ጠባብ በር

ከአካባቢያችን ወጣቶች ብዙዎቹ የሄዱባት ደቡብ አፍሪካም ዘጠኝ አውራጃዎች ቢኖሯትም የመሣሪያ ሕጓ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው 21 ዓመት የሞላው መሆን፣ ሥልጠና ወስዶ የብቃት ማረጋገጫ መያዝና ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በአግባቡ የወጣ ፈቃድ ከኬፕ ታውን እስከ ጆሃንስበርግ ይሠራል።

ነገር ግን በሩ ለሁሉም ክፍት አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የብቃት ማረጋገጫውን ሊያገኝ አይችልም። በጥገኝነት ወረቀት የሚኖር ባለሱቅ የቱንም ያህል ቢዘረፍና ቢሰጋ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ሊኖረው አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ በጥገኝነት ወረቀት ያለ ልጅ «ፈቃድ አውጥቻለሁ» ካለ፣ ወረቀቱን ከማን እንዳገኘው ሳይዘገዩ መጠየቅ ይገባል። ከደላላ የተገዛ ወረቀት በፍርድ ቤት ፊት አያድነውም።

አሜሪካ፦ ሃምሳ ግዛት፣ ሃምሳ ሕግ

በአሜሪካ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ መሣሪያ የመያዝ መብትን ያውቃል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም መሣሪያ ፈጽሞ መያዝ የማይችሉ ሰዎችን በሕግ ዘርዝሯል። ሽጉጥን በልብስ ሥር ሸጉጦ ከቤት የመውጣት ጉዳይ ግን በየግዛቱ ሕግ ይመራል። እስከ 2024 ድረስ 29 ግዛቶች ይህን ያለ ምንም ፈቃድ ፈቅደዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቴክሳስና ጆርጂያ ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ቴክሳስ በ2021፣ ጆርጂያ በ2022 ነው ሕጋቸውን የለወጡት። ሌሎቹ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የሥልጠናው ሰዓት፣ ክፍያውና የተከለከሉት ቦታዎች ግን በየግዛቱ ይለያያሉ።

አንዱ ግዛት የሌላውን ፈቃድ መቀበል አለመቀበሉም የራሱ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ደግሞ ሊገለባበጥ ይችላል። በታኅሣሥ ወር 2015 (እ.ኤ.አ.) የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ግዛቱ የ25 ግዛቶችን ፈቃድ መቀበል እንደሚያቆም አስታወቁ። ወር ሳይሞላ ወይም ጥቂት ሲያልፍ ገዢውና የምክር ቤቱ አባላት ተስማሙና፣ ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የሁሉንም ግዛቶች ፈቃድ እንድትቀበል ሕግ ወጣ። በአንድ ክረምት ውስጥ ሕጋዊ የነበረው ሕገወጥ ሊሆን ተቃርቦ ተመለሰ።

አሁን አንድ ወጣት እናስብ። ዲቪ ደርሶት ሄዷል፣ ግሪን ካርድ ይዟል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። አንድ ሌሊት የሚያውቀው ሾፌር ሲዘረፍ ሰምቶ ፈራ። ሥልጠና ወሰደ፣ ለአካባቢው ፍርድ ቤት አመለከተ፣ አምስት ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ተሰጠው። እስከዚህ ድረስ አንድም ሕግ አልጣሰም።

ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲጀመር ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ሲሻገር ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ይገባል። ኢትዮጵያውያን የሚበዙባት ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ውስጥ ናት። ሦስቱም ቦታዎች እንደ አንድ ከተማ ተያይዘዋል፤ በአንድ ሌሊት ሥራ አሥር ጊዜ ወጥቶ መግባት ይቻላል። ሜሪላንድም ሆነች ዲሲ ግን የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። የማንንም ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም። ሁለቱም በየራሳቸው 16 ሰዓት የክፍል ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ ዲሲ ሁለት ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጨምራለች። ቨርጂኒያ ግን የሥልጠናውን ዝቅተኛ ሰዓት በሕግ አልወሰነችም። በዲሲ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ለሁለቱም ማመልከት ይችላል። ስለዚህ በሦስቱም ቦታ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስ የፈለገ ሰው ሦስት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ለኡበር ሾፌር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኩባንያው ከ2015 ጀምሮ ሾፌሮችም ተሳፋሪዎችም በጉዞ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ከልክሏል። ስለዚህ ያ ወጣት በቨርጂኒያ መንገድ ላይ ሕጋዊ ሆኖ እንኳ ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

ለግሪን ካርድ ባለቤት ቅጣቱ ሌላ ነው

ለአሜሪካዊ ዜጋ ይህ ስህተት ጠበቃ፣ መቀጮ፣ ምናልባትም እስር ያመጣል። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን ከዚያ ያለፈ ነገር አለ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም ይዞ በመንቀሳቀስ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር እንደሚችል በግልጽ ይደነግጋል። የየትኛውም ግዛት ሕግ ይሁን፣ ሰውየው ማንንም አይጉዳ፣ ድንጋጌው ይሠራል።

ይህ እዚህ ላለ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ዲቪው ሲደርስ ዘመድ አዝማድ ተበዳድሮ ለቲኬት ያዋጣለት ልጅ፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር፣ ቤት የጀመረ ልጅ፣ በአንዱ ግዛት ሕጋዊ በሆነ ሽጉጥ ምክንያት ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። በወንጀል ጉዳይ የሚሟገት ጠበቃ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ቶሎ ትወጣለህ» ብሎ ቢመክረው እንኳ፣ ያ ቃል በኢሚግሬሽን በኩል የሚያመጣውን ሳያውቅ መስማማት የለበትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ ጠበቃ ደንበኛውን ስለዚህ አደጋ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ተጠርጣሪው ራሱ አስቀድሞ «ዜጋ አይደለሁም» ብሎ ቢናገር ግን የበለጠ ይጠቅመዋል።

የክርክሩ ሁለት ወገኖች

ብዙ የአሜሪካ የምክር ቤት አባላት ይህ የሃምሳ ሕግ ነገር መቆም አለበት ይላሉ። ሐሳባቸው አጭር ነው፦ በአንዱ ግዛት ሽጉጥ ሸጉጦ መሄድ የተፈቀደለት ሰው በሌሎቹም ይፈቀድለት። የተወካዮች ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) ይህን የያዘ ረቂቅ በ231 ለ198 ድምፅ አሳልፎት ነበር፤ ሴኔቱ ግን ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ። ረቂቁ በ2025 በሰሜን ካሮላይናው ተወካይ ሪቻርድ ሃድሰን እንደገና ቀርቦ፣ በመጋቢት ወር የሕግ ኮሚቴው ለሙሉ ምክር ቤቱ መርቶታል። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሐሳቡን ይደግፋሉ። በሴኔቱ ግን እንዲህ ያለ ረቂቅ ወደ ድምፅ እንዲቀርብ በተለምዶ ከ100 የ60 አባላት ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ሪፐብሊካኖቹ ያላቸው መቀመጫ ደግሞ 53 ነው።

ደጋፊዎቹ መንጃ ፈቃድን ይጠቅሳሉ። በቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ካሊፎርኒያ ድረስ ይነዳል፤ በሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መብት እንዴት ከመንጃ ፈቃድ ያንሳል ይላሉ። ከ2004 ጀምሮ ፖሊሶችና ጡረታ የወጡ ፖሊሶች በሁሉም ግዛቶች ሽጉጥ እንዲይዙ የሚፈቅድ የፌዴራል ሕግ እንዳለም ያስታውሳሉ። ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ግን የአንዲት የፊላደልፊያ እናትን ታሪክ ነው። ብቻዋን ሁለት ልጆች የምታሳድግ ይህች ሴት የፔንሲልቬኒያ ፈቃድ ነበራት። በ2013 ወደ ኒው ጀርሲ ስትነዳ በትራፊክ ጥፋት አስቆሟት። ሽጉጥ እንዳላትና ፈቃድ እንደያዘች ለፖሊሱ ራሷ ነገረችው። ኒው ጀርሲ ግን የፔንሲልቬኒያን ፈቃድ አትቀበልም። ከ40 ቀን በላይ ታሰረች፣ ከሦስት ዓመት ያላነሰ እስራት የሚያስከትል ክስም ተመሠረተባት። ጉዳይዋ አገር ካነጋገረ በኋላ ከእስር የሚያድን ፕሮግራም ተፈቀደላት፤ በ2015 የግዛቱ ገዢ ክሪስ ክሪስቲ ምሕረት አደረጉላት። ይህች እናት ዜጋ ነበረች። ግሪን ካርድ ይዛ ቢሆን ኖሮ የታሪኩ መጨረሻ ሌላ ሊሆን በቻለ ነበር።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የራሳቸው ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ከግዛት ግዛት ይቀራረባል፤ የሽጉጡ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል ይላሉ። አንዱ ግዛት 16 ሰዓት ያሠለጥናል፣ ሌላው ምንም አይጠይቅም። ረቂቁ ከጸደቀ ፈቃድ የማይጠይቀው ግዛት ሕግ በሁሉም ላይ ሊሠራ ነው። በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ የሚሠራ ፖሊስ ከሩቅ የመጣ ሰው የያዘውን ሽጉጥ ሕጋዊነት በምን ያጣራል ብለው ይጠይቃሉ። የፖሊስ አዛዦች ማኅበራትም በዚሁ ምክንያት ተቃውመዋል። የክርክራቸው መንፈስ የእኛ ሰው «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው ዓይነት ነው፤ ሰፊ እርሻ ባለበት ገጠር የሚመች ሕግ ሚሊዮኖች በተጨናነቁበት ከተማ ላይሠራ ይችላል።

በመሃሉ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ ውሳኔ ሰጥቷል። ኒው ዮርክ «ሽጉጥ ለመያዝ የተለየ ምክንያት አሳይ» የምትለውን ሕግ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሽሮታል። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድን በመሰሉ ግዛቶች ፈቃድ ማግኘት ቀልሏል። ፍርድ ቤቱ ግን ግዛቶች የጀርባ ማጣራትና ሥልጠና መጠየቅ አይችሉም አላለም፤ አንዱ የሌላውን ፈቃድ እንዲቀበልም አላዘዘም።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ረቂቁ ቢጸድቅ ያ የአሌክሳንድሪያ ሾፌር ድልድዩን በሰላም ይሻገር ነበር፤ ሥልጠና ያልወሰደ እንግዳም አብሮት ይሻገር ነበር። ለቤተሰብ ግን የሚበጀው ክርክሩ በማን ድል እንደሚያልቅ መጠበቅ አይደለም። ልጁ ዛሬ ማታ የሚነዳው ዛሬ ባለው ሕግ ነው።

መኪና ውስጥ ይዞ ማለፍስ?

ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ አንድ የፌዴራል ሕግ ለመንገደኛ ጥቂት መተንፈሻ ይሰጣል። መሣሪያው በተነሳበትም በሚደርስበትም ቦታ ሕጋዊ ከሆነ፣ ጥይት ካልጎረሰ፣ ከተሳፋሪው እጅ ከራቀና ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ከሆነ በመሃል ያለውን ግዛት አቋርጦ ማለፍ ይቻላል። መኪናው የተለየ ሻንጣ ማስቀመጫ ከሌለው በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጣል፤ ከፊት ወንበር ያለው ኪስ ቢቆለፍም አይቆጠርም። ይህ ሕግ ለሚያልፍ መንገደኛ እንጂ ዲሲ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ሰው አይደለም። ለሠርግ ወደ ኒው ጀርሲ ወይም ኒው ዮርክ የሚሄድ ቤተሰብም እነዚህ ግዛቶች የሌላውን ፈቃድ እንደማይቀበሉ ማወቅ አለበት። የሚሻለው ሽጉጡን ቤት ቆልፎ መሄድ ነው።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ለሚሄዱ አያቶች

ከአካባቢያችን አራስ ለመጠየቅና የልጅ ልጅ ለመያዝ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶች አሉ። እነሱ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው፣ ከአደን ፈቃድና ከመሰል ጠባብ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም። «እስኪ ይህን አስቀምጪልኝ» ቢባሉ እንኳ አለመንካት ይሻላል። ለተማሪ ቪዛም ደንቡ ይኸው ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰውም ጠበቃ ሳያማክር ሽጉጥ ቤት ይገኝበታል የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

ከሕጉ ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን በልጦ አንደኛ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ግድያ ቢሆንም፣ ራስን ማጥፋትና በጨዋታ መሃል የሚፈነዳ ጥይትም አለበት። እዚህ ቤት ጠብመንጃ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደግን ሰዎች ልጅ አይነካውም ብለን እናምን ይሆናል። ትራስ ሥር ወይም ቦርሳ ውስጥ ያለች ትንሽ ሽጉጥ ግን ለሦስት ዓመት ሕፃን አሻንጉሊት ትመስለዋለች። የልጅ ልጅዎ ጎረቤት ሊጫወት ሲሄድም «ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?» ብሎ መጠየቅ በአሜሪካ የተለመደ ነው፤ እንደ ስድብ አይቆጠርም።

በሚቀጥለው ስልክ

ልጅዎ ሽጉጥ እንዳለው ቢነግርዎ መቆጣት ወሬውን ይዘጋዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አይነግርዎትም። ይልቅ ረጋ ብለው እነዚህን ይጠይቁት፦

• ፈቃዱን የሰጠህ የትኛው ግዛት ነው? ሥራህና ቤተ ክርስቲያንህ ያሉት እዚያው ግዛት ውስጥ ነው ወይስ ወንዝ ማዶ?

• ወደ ሌላ ግዛት ስትሄድ የዚያን ግዛት የፖሊስ ድረ ገጽ ታያለህ ወይስ ጓደኛህ በነገረህ ትሄዳለህ?

• አሠሪህ ይፈቅዳል?

• ወረቀትህ ዜግነት ነው፣ ግሪን ካርድ ነው ወይስ ሌላ? የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቀሃል?

• ቤት ስትገባ ሽጉጡ የት ነው የሚያድረው? ጥይቱስ ለብቻው ተቆልፏል?

ዜግነት ለመጠየቅ ጊዜው የደረሰ ልጅም ማመልከቻውን እንዳያዘገይ ይምከሩት። ግሪን ካርድ ካገኘ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሌሎቹን መሥፈርቶች ካሟላ ማመልከት ይችላል። ዜጋ የሆነ ሰው በሽጉጥ ሕግ ቢሳሳት የሚጠብቀው ፍርድ ቤት ነው፤ ዜጋ ያልሆነው ግን ከፍርድ ቤቱ በኋላ የመባረር ጉዳይም ይጠብቀዋል።